የወላይታ መንግሥት፤ በባላጋራ ብዕር፣ በትውልድ ቆጠራና በድንጋይ ካብ

እ.ኤ.አ. በ793 ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ሰዎች ሊንዲስፋርን በተባለች የእንግሊዝ ደሴት ላይ የነበረ ገዳም ዘረፉ። የቫይኪንጎች ዘመን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ዓመት ይቆጠራል። ዓመቱን ለታሪክ ያቆዩት ግን የተዘረፉት ካህናት እንጂ ዘራፊዎቹ አይደሉም። የቫይኪንጎቹ ዘሮች ስለ አባቶቻቸው የሚተርኩትን በብራና ያሰፈሩት ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ፣ አይስላንድ ላይ ነው። ስለዚህም የዘርፉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ሦስት ምስክር ፊት ለፊት ያቆማሉ፦ ባላጋራ የጻፈውን፣ ዘር የተረከውን፣ ከመሬት የወጣውን። ሦስቱ እምብዛም አይስማሙም።

የወላይታ መንግሥት ታሪክም አጥኚውን እዚሁ አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል። ከኦሞና ከቢላቴ ወንዞች መካከል፣ ከአባያ ሐይቅ በስተ ሰሜን የነበረው ይህ መንግሥት በ1887 ዓ.ም. እስኪወድቅ ድረስ የራሱን ዜና መዋዕል ጽፎ አላስቀመጠም። በጽሑፍ ብቅ የሚለው ሌሎች ሲጽፉለት ነው፤ በአብዛኛውም ሊወጉት የመጡት ወይም እርሱ የወጋቸው። ትውፊቱ ደግሞ ሀብታም ነው፤ ነገሥታቱን በሥርወ መንግሥት ከፍሎ በስም ይቆጥራል። ይህ ዳሰሳ የሚነሣውም የታሪኩ ዋና ዋና ክርክሮች በሙሉ ከአንድ ምክንያት ይመነጫሉ ከሚል እምነት ነው፤ የአንዱን ምስክር ቃል ለሌላው ምስክር ማስረጃ አድርጎ ከመቁጠር።

ሦስቱ ምስክሮች

በጽሑፍ በኩል ቀዳሚው ገድለ ተክለ ሃይማኖት ነው። በገድሉ ውስጥ ሞቶሎሚ የተባሉ የዳሞት ንጉሥ ሸዋን ይወርራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጥላሉ፤ የካህኑን የጸጋ ዘአብን ሚስት እግዚእ ኀረያን ማርከው ሊያገቧት ይሰናዳሉ። ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ ለባሏ ይመልሳታል፤ ከእርሷ የሚወለደው ተክለ ሃይማኖትም አድጎ ዳሞት ድረስ ይወርድና ያንኑ ንጉሥ ያጠምቃል። የታሪኩ ዘመን 13ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በሰፊው የሚነበበው የደብረ ሊባኖስ ቅጂ ግን የተዘጋጀው በ16ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። በመካከሉ ከ200 ዓመት በላይ አለ።

ከገድሉ ጎን ለጎን አጭርም ቢሆን ለጊዜው የቀረበ ማስረጃ ይገኛል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል ላይ የሰፈረው የዓፄ ዓምደ ጽዮን ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ1316/17 የተደረገውን የዳሞት ዘመቻ ይመዘግባል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የዳሞትን ንጉሥ፣ መኳንንትና ሕዝብ በእጃቸው እንዳገቡና ወደ ሌላ ስፍራ እንዳፈለሱ ይናገራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ዳሞት ወርቅና ባሮች የሰሙትን ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ የጽሑፉ ብርሃን ይደበዝዛል፤ ደምቆ የሚመለሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከሸዋ ጠመንጃ ጋር ነው።

ትውፊቱ በአንጻሩ ይህን ክፍተት አያውቅም። በተለመደው አቆጣጠር ሦስት ሥርወ መንግሥታት ይጠራሉ፦ አሩጃ፣ ወላይታ ማላና ትግሬ። ሕዝቡም ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ሥር ከመቶ በላይ ጎሳዎች አሉት። ስለ አሩጃ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ወላይታ ማላ ከሞቶሎሚ ይጀምራል፤ የትግሬው ሐረግ እስከ መጨረሻው ካዎ (ንጉሥ) እስከ ጦና ጋጋ ይዘልቃል።

ድንጋዩ ገና ብዙ አልተጠየቀም። በወላይታ ምድር በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀው የቁፋሮ ስፍራ ሞቼ ቦራጎ ነው፤ ከሶዶ ከተማ በላይ በሚነሣው በዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ዋሻ። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ቡድን፣ ቀጥሎም ከፍሎሪዳና ከኮሎኝ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ተመራማሪዎች ቆፍረውት ከ40,000 ዓመት በፊት የነበሩ አዳኞች ያረፉበት እንደሆነ አሳይተዋል። ግኝቱ ለሰው ልጅ ታሪክ ትልቅ ነው። ለነገሥታቱ ታሪክ ግን የሚፈይደው የለም፤ በሞቼ ቦራጎ አዳኝና በካዎ ጦና መካከል ያለው ርቀት እኛንና ካዎ ጦናን ከሚያራርቀው ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። አንዳንድ የቱሪስት ጽሑፎች ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እየጠሩ የወላይታ መንግሥት ብዙ ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ማስመሰላቸው አንባቢን ያሳስታል።

ዳሞት ማለት ወላይታ ነውን?

ከክርክሮቹ ሁሉ የሰፋው ይህ ነው። ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጥያቄውን በርእስነት ካነሡት ወዲህ እንኳ አልተዘጋም።

አዎ የሚሉት ወገኖች ማስረጃ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሶዶን ከላይ የሚያየው ተራራ ዳሞታ ይባላል። ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ወይዴና ዳሞት ፑላሳ ዛሬም የወላይታ ወረዳዎች ናቸው። ሞቶሎሚ በወላይታ የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ስማቸው አለ። የደብረ መንክራት ተክለ ሃይማኖት ገዳምም የጻድቁን ስብከት ከዚሁ ምድር ጋር ያያይዛል። ይህ ሁሉ ተደምሮ የገድሉ ዳሞት ሌላ አገር ነው ማለት ለብዙ የወላይታ ሰው የማይዋጥ ነገር ነው።

በሌላ በኩል የቆሙት የመካከለኛውን ዘመን ካርታ ይዘረጋሉ። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ ውስጥ ዳሞት ከሸዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰፊ ግዛት የነበረው፣ ከዓባይ በስተ ደቡብ የተንሰራፋ ኃይል ሆኖ ይታያል። ዳሞት የሚባል አገር ጎጃም ውስጥም አለ፤ ስሙ ወደዚያ የተሻገረው በኦሮሞ መስፋፋት ዘመን ዓባይን ከተሻገሩ ሰዎች ጋር መሆኑ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ስም ከሰው ጋር ይሰደዳል ማለት ነው። ወደ ሰሜን ከተሰደደ ወደ ደቡብም ሊሰደድ ይችላልና የተራራው ስም ብቻውን ምስክርነት አይሞላም።

አይዳ ቡዋንጋ እ.ኤ.አ. በ2013 ፓሪስ ላይ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ዳሞትን ከ13ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ይከታተላል። ጥያቄው በዚህ መልክ በዘመናት ላይ ሲዘረጋ ዳሞት አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ነገር መሆኑ ይቀርና ቅርጹንና ስፍራውን የሚለውጥ የፖለቲካ ስም ሆኖ ይታያል። ለእኔም መውጫው በዚህ በኩል ይመስለኛል። በክርክሩ ውስጥ ሦስት ነገሮች እየተደባለቁ ነው፤ ስሙ፣ ገዢው ሐረግና ሕዝቡ። ከጥንቱ ዳሞት የወረዱ ገዢዎች የዛሬዋን ወላይታ ሳይሞሉ ሊነግሡባት ይችላሉ። የወላይታ ሕዝብ የዳሞት ግዛት አንድ ክፍል ሆኖ ኖሮ ግዛቱ ሲፈርስ ስሙን ይዞ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። ዓምደ ጽዮን አፈለስኳቸው ያሏቸው ሰዎች የት እንደ ሰፈሩ ሳይታወቅ ከሦስቱ አንዱን መርጦ መማል አያስኬድም።

የሞቶሎሚ ስም ሌላም ችግር አለበት። ከ1887 በኋላ በወላይታ አብያተ ክርስቲያናት ተተከሉ፤ ገድሉ በየክብረ በዓሉ ተነበበ። የነገሥታቱ ዝርዝር በአጥኚዎች የተጻፈው ደግሞ ከዚያ ወዲህ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ታዲያ ሞቶሎሚ ከትውፊት ወደ ወረቀት ነው የመጡት ወይስ ከመጽሐፍ ወደ ትውፊት? ሁለተኛውን የሚጠረጥር ሰው ጥርጣሬውን በማስረጃ አላረጋገጠም፤ የመጀመሪያውን የሚያምንም ከ1887 በፊት የተቀዳ ዝርዝር ማቅረብ አለበት። ገድሉና የነገሥታቱ ዝርዝር ይስማማሉ እያሉ አንዱን በሌላው ማጽናት የሚቻለው ሁለቱ ተሰማምተው እንዳልመጡ ከታወቀ በኋላ ነው።

የትግሬው ሐረግና የመጻተኛ ንጉሥ ነገር

ሁለተኛው ክርክር የመጨረሻውን ሥርወ መንግሥት ይመለከታል። ትውፊቱ ሚካኤል የተባለ የትግራይ ሰው መጥቶ ዙፋኑን እንደ ያዘ ይናገራል፤ ጊዜውም ብዙውን ጊዜ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ይቀመጣል።

እንደ ወረደ የሚቀበሉት አሉ። የክርስቲያኑ መንግሥት በድንበር አካባቢ ጨዋ የሚባል ሠራዊት ያሰፍር ስለነበር ከሰሜን የመጣ የጦር አለቃ ተነጥሎ ቀርቶ፣ አግብቶና ወልዶ መንገሡ የማይታሰብ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው አይከ ሀበርላንድ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ሥራዎች በደቡብ መንግሥታት ላይ የሰሜኑ ክርስቲያን መንግሥት ተጽእኖ ጥልቅ እንደነበር አጥብቀው ተከራክረዋል። ከማዕረግና ከሥርዓት እስከ ሃይማኖት ርዝራዥ ድረስ ብዙ ምሳሌ ሰብስበዋል።

የሚጠራጠሩትም በቂ ምክንያት አላቸው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሰሜን መጣን የሚል ገዢ ቤት የወላይታው ብቻ አይደለም። የትውልድ ቆጠራ ብዙውን ጊዜ ሥልጣንን ያጸድቃል፤ ከጎሳዎቹ ሁሉ ውጭ የሆነ ንጉሥ ለማንም አያደላም ይባላልና መጻተኝነት ራሱ ለንግሥና ብቁ ያደርጋል። ፈረንሳዊው ዣክ ቢሮ የትግሬውን ዜና ትውልድ የንግሥና ሥርዓት ንድፍ አድርገው አንብበውታል። ሬሞ ኪያቲ እ.ኤ.አ. በ1984 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት ጥናት ትኩረታቸው ካዎው የቅድስና ኃይል ያለው ንጉሥ ተደርጎ መታየቱና ያ ኃይል እንዴት ይሠራ እንደነበር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ቫይኪንጎች ብቅ ብሎ መመለስ ይጠቅማል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኪየቭ ላይ የተጠናቀረው ዜና መዋዕል፣ እ.ኤ.አ. በ862 ስላቮቹ ከባሕር ማዶ ሩሪክ የተባለ ሰው ጠርተው ንገሥልን እንዳሉት ይተርካል። መንግሥቱን የመሠረቱት ስካንዲኔቪያውያን ናቸው በሚሉና ይህ ተረት የአገሬውን ሥራ ይቀማል በሚሉ ሊቃውንት መካከል የተነሣው ሙግት ከ250 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ቁፋሮ ሲጨመርበት ስካንዲኔቪያውያኑ በእርግጥ መኖራቸው ተረጋገጠ፤ ብቻቸውን መንግሥት ሠሩ የሚለው ግን ቀረ። የጥቂት መጻተኞች መምጣትና የመንግሥት መሠረት መጣል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው እዚያ የተገኘ ትምህርት ነው። በወላይታም ሚካኤል የሚባል ሰው ቢመጣ እንኳ የካዎው ወግ፣ የጎሳው አደረጃጀትና ቋንቋው ከኦሞቲክ ጎረቤቶቹ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር የሚዛመድ እንጂ ከትግራይ የተቀዳ አይደለም።

ካዎው፣ ኬላውና ባሪያው

ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሚታወቀው ይሻላል። ኦጋቶ፣ አማዶ፣ ዳሞቴ፣ ጎቤና ጋጋ በየተራ ነገሡ፤ ጦና የጋጋ ልጅ ናቸው። የመጨረሻው ቤተ መንግሥት ከሶዶ ብዙም በማይርቀው ዳልቦ ነበር። አገሩ እንሰትና ከብት፣ ጥጥና ሸማ የሞላበት፣ ሰው በብዛት የሰፈረበት ነበር። ማርጩዋ የተባለ የብረት ገንዘብ ገበያ ላይ ይሠራ ነበር። የአካባቢ ጉዳይ ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ጉባኤ ላይ ይዳኛል፤ የጦርነትና የግዛት ጉዳይ የካዎው ነው።

ከዚህ ዘመን በዓይን የሚታየው የድንጋይ ኬላ ነው። እጃጆ ኬላና የካዎ አማዶ ኬላ በጭቃም ሆነ በኖራ ሳይያያዝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ የተሠራ ምሽግ ናቸው። ጥርቡ ያልተስተካከለ ስለሆነ ትልቁን ድንጋይ ትንሹ ሽብልቅ ሆኖ ይይዘዋል፤ የካቡ ጥንካሬ ከግንበኛው ዓይን እንጂ ከማያያዣ የመጣ አይደለም። በዳውሮም በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራ ተመሳሳይ ካብ አለ። ሁለቱ ጎረቤቶች ተያይተው፣ አንዳንዴም አንዳቸው በሌላው ላይ እንደገነቡ መገመት ይቻላል። ኬላዎቹ በአንድ ንጉሥ ዘመን አልቀው ይሁን ትውልድ በትውልድ ላይ እየጨመረ፣ የነገሥታቱ ስም ብቻ አይነግረንም።

በኩራት ከሚነገረው ጎን የሚረሳ ገጽም አለ። በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻና ቆዳ የሚፍቁት ደጌላ ከመሬትና ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። አይሌ የሚባለው ባሪያም ነበር፤ ጦርነት ምርኮኛ ያመጣል፣ ነጋዴ ይገዛል። ስለ ወላይታ መንግሥት ነፃነት የሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን ያልፉታል። የ1887ቱን ግፍ በእውነት ለመመዘን ሌላውን ገጽ መሸፈን አያስፈልግም ነበር።

1887 ዓ.ም.

የሸዋ ጦር ከ1887 በፊት በተደጋጋሚ ሞክሮ ተመልሷል። በመጨረሻ በኅዳርና በታኅሣሥ 1887 ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር አብረዋቸው ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፉ ቀን የተባለው የከብት እልቂትና ረኃብ ሰሜኑንና መካከለኛውን አገር አራቁቶት ስለነበር፣ በከብት የሞላ አገር ለሠራዊቱ ከግብር በላይ ነበር።

ለዚህ ዘመቻ ሁለት የቅርብ ጽሑፎች አሉን። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ዘመቻውን ለመገበር እምቢ ያለ ንጉሥ ተመክሮ ባለመስማቱ የደረሰበት ቅጣት አድርጎ ያቀርበዋል። ከምኒልክ ሰፈር ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን እልቂት በድንጋጤ ያወራል። ለንጉሠ ነገሥቱ የደረሰውን ድርሻ ብቻ 18,000 ያህል ከብትና 1,800 ያህል ባሪያ ያደርሰዋል። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ።

ሁለቱ ጸሐፊዎች በፍርድ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በአንድ ወገን ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ከወላይታ በኩል የቀረው የአፍ ታሪክ ነው፤ እርሱም 118,000 የወላይታ ሰውና 90,000 የሸዋ ወታደር እንደ ሞተ ይናገራል። ቁጥሩ እየተደጋገመ እንደ ቆጠራ ውጤት ይጠቀሳል። የሸዋ ወገን ቁጥር ለመቀበል ይከብዳል፤ ያን ያህል ያጣ ሠራዊት 15 ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዓድዋ ላይ በዚያ ብዛት መሰለፍ ባልቻለ። የወላይታው ቁጥር ልክ መሆን አለመሆኑ በሌላ ሰነድ አይጣራም። የእልቂቱን ክብደት ግን ማንም አይክደውም፤ የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም ከመስፋፋቱ ዘመን ዘመቻዎች ሁሉ እጅግ ደም ካፈሰሱት መካከል ይቆጥሩታል። የአፍ ታሪክ ቁጥር መጠንን የሚገልጸው በሐዘን ልክ ነው፤ እንደ መዝገብ ማንበቡ ለተረኩት ሰዎችም አይጠቅምም።

ድሉን ምን እንበለው?

ስለ ዘመቻው ትርጉም ሦስት አቋሞች ይሰማሉ። አገር ማቅናት ነው የሚለው የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ዳሞት ወላይታ ነው የሚለውን ማስረጃ ይፈልገዋል፤ በዓምደ ጽዮን ጊዜ የተገበረ አገር ከሆነ ምኒልክ ያደረጉት መመለስ ነውና። ብሔራዊ ጭቆና ነው የሚለው የ1960ዎቹ ተማሪዎች አስተሳሰብ በአንድ አገር ውስጥ የተፈጸመ በደል አድርጎ ይወስደዋል። ቅኝ ግዛት ነው የሚለው ደግሞ የራሱ ንጉሥና ድንበር የነበረው መንግሥት በጦር ተያዘ ይላል። የሚገርመው፣ ወላይታ የጥንቷ ዳሞት ናት የሚለውን የሚወዱት የመጀመሪያዎቹም የመጨረሻዎቹም ናቸው፤ አንዱ ለመመለስ፣ ሌላው ለቀዳሚነት። ያው ማስረጃ ለሁለት ተቃራኒ ፍርድ ይቀርባል።

ከ1887 በኋላ የሆነው ግን ብዙ አያከራክርም። ሶዶ የጦር ሰፈር ሆና አደገች፤ ገባሩ ለነፍጠኛው ገበረ፤ ሕዝቡም በመንግሥት መዝገብ ላይ ወላሞ በሚል፣ እርሱ ለራሱ በማይጠቀምበት ስም ተጠራ። ገባርነት ሕጋዊ መሠረቱን ያጣው በጣሊያን ወረራና ከዚያ በኋላ በወጡ ሕጎች፣ የመሬት ጭሰኝነት ደግሞ በየካቲት 1967ቱ አዋጅ ነው። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሶዶ የገባው የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሲባረር የተወው ጥቂት አማኝ በወላይታ ሰባኪዎች እጅ በሺዎች ሆኖ ቆየው። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ እዚህ የሚነሣው፣ ካዎ ከሌለ ወዲህ ወላይታ በራሱ ቋንቋ የተደራጀበት ትልቁ ተቋም ቤተ ክርስቲያን ስለነበረች ነው።

የመንግሥቱ ትዝታ ወደ ፖለቲካ መድረክ የተመለሰው በኋላ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ዎጋጎዳ በሚል በአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ሊያዋሕድ የሞከረው እርምጃ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ቀሰቀሰ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ዞን ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄ አቀረበ፤ በነሐሴ 2012 የዞኑ መሪዎች ሲታሰሩ በተነሣው ተቃውሞ ሰዎች ተገደሉ። አዲስ ክልል ለመመሥረት ጥር 29 ቀን 2015 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በታየ ጉድለት በወላይታ ዞን ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን ተደገመ፤ ከዚያም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ለብቻ ክልል የመሆን መብት ከካዎዎቹ ታሪክ ጋር ሲያያዝ ይሰማል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ግን ክልል ለመመሥረት የጥንት መንግሥት መኖር መስፈርት አይደለም። ንጉሥ ያልነበራቸው ሕዝቦችም እኩል መብት አላቸው። ስለዚህ የሞቶሎሚ ወላይታዊነት ቢረጋገጥም ባይረጋገጥም የክልልነቱ ጥያቄ ባለበት ይቆማል፤ የታሪክ ጥያቄው ደግሞ ከድምፅ ቆጠራ ነፃ ወጥቶ ቁፋሮውን፣ የኬላዎቹን ዕድሜ ልኬትና በየጎሳው የቀሩትን የትውልድ ቆጠራዎች ማነጻጸር ይጠብቃል።